ዶክተር አክሊሉ ለማ

በአገራችን እንዶድን የማያውቅ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። በደጋና በወይና ደጋ አጥር ላይ እየተሳበ የሚያድገው ይህ ቁጥቋጦ፣ ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ለልብስ ማጠቢያ ሲያገለግል ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሳሙና በየሱቁ መሸጥ ከመጀመሩ በፊት እናቶች ነጠላውንና ኩታውን፣ ጋቢውንና ቀሚሱን የሚያነጡት በእንዶድ አረፋ ነበር። ይሁን እንጂ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሁሉ፣ ይህ ተክል ልብስ ከማንጻት አልፎ የሰውን ጤና ሊጠብቅ የሚችል ኃይል በውስጡ መያዙን ለረጅም ዘመን መርምሮ ያረጋገጠ አልነበረም። ይህን ኃይል አስተውለው በሳይንስ ዘዴ ያረጋገጡትና ለዓለም ያስታወቁት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ነው። ወሩ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን የወረረበት፣ አድዋም በጠላት እጅ የወደቀችበት ወር ነበር። በዚያ በመከራ ወር የተወለደው ሕፃን፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በዚያችው በአድዋ ከተማ በሚገኝ ወንዝ ዳር ስሙን ለዘለዓለም የሚያስጠራ ግኝት እንደሚያገኝ ማን ሊገምት ይችል ነበር? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

ዶክተር አክሊሉ ከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአሜሪካ ነው። በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ በሽታ አምጪ ተውሳኮች ጠባይና በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት አጥንተው፣ በ1964 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። እንደ እርሳቸው ያለ የተማረ ሰው በዚያ አገር ጥሩ ደመወዝና የተሟላ ቤተ ሙከራ ማግኘት አያዳግተውም ነበር። እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በሚጠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ምርምራቸውም ገና ከጅምሩ ከከተማው ቤተ ሙከራ ወጥቶ፣ በሽታው ወዳለበት ወደ ገጠሩና ወደ ወንዙ ዳር የሚወርድ ሆነ።

ዶክተር አክሊሉ ሊታገሉት የተነሡት በሽታ ቢልሃርዝያ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ከተማ የበሽታውን ትል ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው ራሱ ግን ከስሙ እጅግ የቆየ ነው። በ1910 ማርክ አርማንድ ሩፈር የተባለ ተመራማሪ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በግብፅ በሞቱና አካላቸው ሳይፈርስ በቆየ ሰዎች ኩላሊት ውስጥ የዚህን ትል እንቁላል አግኝቷል። እንግዲህ የአባይ ሸለቆ ገበሬ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ከዚህ ጠላት ጋር አብሮ ሲኖር ነበር ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን በሽታው ከዓለም አልጠፋም። በ2021 የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ከ250 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ተገምቷል፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በአፍሪካ ነው።

የቢልሃርዝያ ትል አኗኗር እጅግ የተወሳሰበ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ሲሸና ወይም ሲጸዳዳ፣ የትሉ እንቁላል ከሽንቱ ወይም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወደ ውኃው ይገባል። እንቁላሉ በውኃው ውስጥ ይፈለፈልና በዓይን የማይታይ እጭ ይወጣዋል። እጩ ከአንድ ቀን በላይ የመቆየት ዕድል ስለሌለው፣ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ፈልጎ ወደ ሰውነቱ መግባት አለበት። ቀንድ አውጣውን ካገኘ ግን በውስጡ እየተራባ፣ አንዱ እጭ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮችን ያስገኛል። እነዚህኞቹ ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውኃው ውስጥ እየዋኙ የሰውን ገላ ይጠብቃሉ። ሕፃን ሊዋኝ፣ እናት ልብስ ልታጥብ፣ ገበሬ መስኖውን ሊያቃና ወደ ውኃው በገባ ጊዜ፣ ቆዳውን ሰርስረው ወደ ደሙ ይገባሉ። በደም ሥር ውስጥም አድገው፣ ወንድና ሴት ሆነው ተጣምረው፣ ለብዙ ዓመታት እንቁላል ሲጥሉ ይኖራሉ።

በአገራችን የሚገኙት የቢልሃርዝያ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው ሲሆን፣ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳ ነው። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ወንዞች፣ በሐይቆችና በመስኖ እርሻዎች አካባቢ ይገኛል። በአድዋ የነበረውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ይባላል። መኖሪያው በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ነው። ይህኛው በቆላማ ቦታዎች፣ ይኸውም በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ መኖሩ ታውቋል። ሁለቱን ዓይነቶች የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ዘራቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ያለ ቀንድ አውጣ ዘሩን ማራባት የሚችል የቢልሃርዝያ ትል ግን የለም።

ሁለተኛው የቢልሃርዝያ ዓይነት የሚያስከትለው ጉዳት ሽንትን በደም በማቅላት ብቻ አያበቃም። ትሏ የምትጥለው እንቁላል ጫፉ እንደ እሾህ የሾለ ነው። ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ የፊኛውን ግድግዳ ቀድደው ከሽንት ጋር ሲወጡ፣ የቀሩት እዚያው ግድግዳው ውስጥ ተቀርቅረው ይቀራሉ። በተቀረቀሩበት ቦታ ሥጋው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይጠነክራል። ቁስሉ ድኖ ሳያበቃ ሌላ ቁስል ይተካበታል። የፊኛው ውስጠኛ ሽፋን ይህን የማያቋርጥ መቁሰል ለመቋቋም ሲል ተፈጥሮውን ለውጦ እንደ ቆዳ ጠፍጣፋ በሆኑ ሕዋሳት ይሸፈናል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ መራባት ይጀምራሉ። ይህም የፊኛ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ይህን የቢልሃርዝያ ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ከተረጋገጡ ጠንቆች መካከል መድቦታል።

የፊኛ ካንሰር ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የየዓይነቱም መነሻ ይለያያል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ከፊኛው የተለመደ ውስጠኛ ሽፋን የሚነሣው ነው። ለዚህኛው ዋነኛው ጠንቅ ትምባሆ ማጨስ ነው። የትምባሆ ጢስ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ከደም ያጣራዋል፤ ከዚያም ከሽንት ጋር ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ተጠራቅሞ ሽፋኑን ሲያቃጥል ይቆያል። ማጨስ በተስፋፋባቸው አገሮች ከሚታየው የፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከዚሁ የተነሣ ነው። ሌላው ጠንቅ በቀለምና በጎማ ፋብሪካዎች ይሠራባቸው የነበሩ አንዳንድ ኬሚካሎች ናቸው። ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች በዚህ በሽታ መጠቃታቸውን ያስታወቀው በ1895 ነበር። አርሴኒክ የተባለው መርዝ ያለበትን ውኃ ለረጅም ዘመን መጠጣትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

እንደ ቆዳ ከጠፈጠፉ ሕዋሳት የሚነሣው ሁለተኛው ዓይነት ግን ከሁሉ ይልቅ ከረጅም ጊዜ ቁስለት ጋር የተያያዘ ነው። ቁስለቱ ከቢልሃርዝያ ሊመጣ ይችላል፤ ለብዙ ዓመታት ፊኛ ውስጥ ከቆየ ጠጠርም ሊመጣ ይችላል፤ ሽንት በራሳቸው መሽናት የማይችሉ ሕሙማን ለረጅም ጊዜ ከሚገባላቸው ቱቦም ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛው ከዕጢ መሰል ሕዋሳት የሚነሣው ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ፊኛቸው ሳይዘጋ ከተወለዱ ወይም በጽንስነት ጊዜ እምብርትን ከፊኛ ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ ቅሬታው ካልጠፋላቸው ሰዎች ላይ ይታያል። ዓይነቱ የትኛውም ይሁን፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ያለ ሕመም በሽንት ውስጥ የሚታይ ደም ነው። ቢልሃርዝያ በተስፋፋባቸው አንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ግን የወንዶች ልጆች ሽንት መቅላት ከዕድገት ምልክት እንደ አንዱ ይቆጠር ስለነበር፣ ወላጆች ልጃቸውን ወደ ሐኪም ለመውሰድ አይቸኩሉም ነበር።

ዶክተር አክሊሉ የካንሰር ሐኪም አልነበሩም። የፊኛ ካንሰር በሽተኛም በቀዶ ጥገና አላከሙም። የእርሳቸው ጥረት በሽታው ሥር ሳይሰድ ከመነሻው መቁረጥ ነበር። በዚያን ዘመን ለቢልሃርዝያ ይሰጡ የነበሩት መድኃኒቶች፣ በተለይም ከአንቲሞኒ የሚሠሩት መርፌዎች፣ ሕመምተኛውን ራሳቸው የሚያስጨንቁና ለአደጋ የሚያጋልጡ ነበሩ። የዳነውም ሰው ቢሆን ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ በገባ ጊዜ እንደገና ይያዛል። ስለሆነም ሰንሰለቱን መበጠስ የሚቻልበት አንዱ ቦታ ቀንድ አውጣው ነበር። ቀንድ አውጣን የሚገድል መድኃኒት ግን ኒክሎሳማይድ የሚባለው የውጭ አገር ኬሚካል ሲሆን፣ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ድኻ አገሮች በየወንዛቸው ሊጨምሩት የሚችሉት አልነበረም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የበሽታውን ቀንድ አውጣዎች ሥርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። ወንዙን እየተከተሉ ቀንድ አውጣዎችን ሲሰበስቡ አንድ እንግዳ ነገር ተመለከቱ። በአንድ ቦታ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ውኃው ላይ ተንሳፍፈው የሚታዩት ቀንድ አውጣዎች በብዛት የሞቱ ነበሩ። ከልብስ አጣቢዎቹ በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ሌላ መንገደኛ ቢሆን ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። እርሳቸው ግን ቆሙ፤ ሴቶቹ በምን እንደሚያጥቡም ጠየቁ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በዚህ አላበቁም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር የተደረገው ሙከራ ትንሽ ቢሆንም፣ የሳይንስን ሥርዓት የተከተለ ነበር፤ በመጀመሪያ ማስተዋል፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ግምትን በሙከራ መፈተን። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰውም የእንዶድን ፍሬ በልዩ ልዩ መጠን እየለኩ በቤተ ሙከራ ደጋግመው ፈተኑት። እንዶድ በጥቂቱ በውኃ ሲበጠበጥ እንኳ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑ ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ።

ምርምር በአንድ ሰው ትከሻ ብቻ እንደማይቆም የተረዱት ዶክተር አክሊሉ፣ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። የኢንስቲትዩቱ ዓላማ የአገሪቱን ሕዝብ የሚያጠቁትን በሽታዎች በአገሪቱ ልጆች ማስመርመር ነበር። ኢንስቲትዩቱ ከቢልሃርዝያ ሌላ የልዩ ልዩ ተውሳኮችን በሽታዎች አጥንቷል። ዶክተር አክሊሉም ራሳቸው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በደጋው አገር ሰዎችን ፊት ላይ የሚያቆስለውን የቁንጭር በሽታ በሚመለከት በ1969 ጥናት አሳትመዋል።

በዚያው በ1969 ዶክተር አክሊሉ እንዶድን በሰፊው ለመፈተን ተነሡ። ለዚህ የተመረጠችውም ሐሳቡ የፈለቀባት አድዋ ነበረች። እስከ 1974 ድረስ ለአምስት ዓመታት በከተማዋ ወንዞች ውስጥ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ፣ በሕዝቡ መካከል የበሽታው መጠን ይመረመር ጀመር። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ሥራው ሲጀመር ከከተማው ሕዝብ ከመቶ 63 የሚሆነው በቢልሃርዝያ የተያዘ ነበር፤ ሲፈጸም ግን ወደ 33 ወረደ። ከሁሉ ይበልጥ ለውጡ ጎልቶ የታየው በሕፃናቱ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑት መካከል ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። አዋቂው ቀድሞ የያዘው ትል ለዓመታት በደሙ ውስጥ ሊቆይበት ስለሚችል፣ ወንዙ መጽዳቱን በይበልጥ የሚመሰክረው ገና የሚያድገው ሕፃን ነው። አድዋ በ1896 በጦር ሜዳ ድል ስሟ እንደተጠራ ሁሉ፣ በዚህም ጊዜ በሳይንስ ድል ተጠራች።

የእንዶድ ምርምር ከዚህ በኋላ በሁለት አቅጣጫ ቀጠለ። በአንድ በኩል በአሜሪካ የሚገኙ ኬሚስቶች በፍሬው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ንጥረ ነገሩ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚሠሩት ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ለዶክተር አክሊሉ ክብር ሲባል ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። በሌላ በኩል የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው፣ ፍሬው የበዛውንና ኃይሉ የበረታውን መረጡ። ከነዚህም መካከል ዓይነት 44 የተባለው ተመራጭ ሆነ። የሁለቱ ሊቃውንት ሐሳብ ግልጽ ነበር። ገበሬው እንዶዱን በራሱ ማሳ ዳር ይተክላል፤ ራሱ ይለቅማል፤ ራሱ አድርቆ ይፈጫል፤ በራሱ ወንዝ ውስጥም ይጨምራል። ይህን ሲያደርግ መድኃኒቱን ከባሕር ማዶ አይጠብቅም።

ነገር ግን በአድዋ ወንዝ የተገኘው ድል በዓለም አዳራሾች ውስጥ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የገንዘብ ረዳቶች እንዶድ በሰው፣ በከብትና በአካባቢው ላይ ጉዳት እንዳያመጣ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች ተፈትኖ ይረጋገጥ አሉ። ጥያቄው በራሱ ትክክል ነበር፤ እንዶድ ቢጠጣ ሰውን የሚጎዳ፣ ወንዝ ውስጥ ሲጨመርም ዓሣን የሚገድል በመሆኑ መጠንቀቅ ይገባል። ይሁንና እንዲህ ያለው ፈተና የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ አፍሪካዊ ኢንስቲትዩት የሚደፈር አልነበረም። በአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች የተገኘውም ውጤት በሌላ አገር ካልተደገመ እንደ ማስረጃ አልተቆጠረም። ዶክተር አክሊሉ በኋላ እንዳስረዱት፣ የችግሩ ሥር የተክሉ ጠባይ ሳይሆን፣ በአፍሪካ ሳይንቲስት ችሎታ ላይ የነበረው እምነት ማነስ ነው። ዓመታት ያለ ሥራ ሲያልፉ የነበሩት በክርክር ነበር፤ በዚያው ዓመታት ሕፃናት ወደ ወንዙ መውረዳቸውን አላቋረጡም።

ዶክተር አክሊሉ ግን አልታከቱም። ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተዛውረው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ኋላም በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የሕፃናት መርጃ ድርጅት የጥናት ማዕከል ሲሠሩ እንኳ፣ በሄዱበት ሁሉ ስለ እንዶድ ከመሟገት አልተቆጠቡም። በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ የብዙ አገሮች ሊቃውንት ስለ እንዶድ ብቻ ለመነጋገር ተሰበሰቡ። በካናዳውያን ድጋፍ የደኅንነት ፈተናዎች ተካሂደው ውጤታቸው በ1991 ታተመ። እንዶድ ለቀንድ አውጣና ለዓሣ መርዝ ቢሆንም፣ በውኃ ውስጥ ፈጥኖ እንደሚበሰብስና በጥንቃቄ ከተያዘ ለሥራ ሊውል እንደሚችል ታወቀ። ለግኝቱ መነሻ ከሆነው ከአድዋው ቀን እስከዚያ ድረስ 27 ዓመታት አልፈው ነበር።

የዓለም ምስጋና የመጣው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን አገር የሚሰጠውንና ብዙዎች አማራጭ የኖቤል ሽልማት የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው ድኻው ሕዝብ በአቅሙ ሊጠቀምበት የሚችል የቢልሃርዝያ መከላከያ በማግኘታቸውና ያለ መታከት ስለ እርሱ በመታገላቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ለአንባቢ ሌላ የማሰቢያ ርዕስ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከአውሮፓ የገቡ ዛጎል ለባሾች እጅግ ተራብተው የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈኑ ብዙ ገንዘብ ያከስሩ ነበር። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990 ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክተርነት በሰጣቸው ጊዜ፣ እንዶድ በነዚህም ላይ ተፈተነ፤ ገዳያቸውም ሆነ። በ1993 ለዚህ አሠራር በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲሰጥ፣ የዶክተር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ተመዘገበ። ሆኖም ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ ያቆየው የእናቶች እውቀት በባዕድ አገር መዝገብ ሲሰፍር፣ ተክሉን ጠብቀው ላቆዩት ሰዎች የሚደርሳቸው ድርሻ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች ሊቃውንት ዘንድ ሲያከራክር ቆይቷል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በመጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 1997፣ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በስማቸው የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል። በውስጡም ተማሪዎች ስለ ተውሳኮችና ስለሚያስከትሉት በሽታ መመራመራቸውን ቀጥለዋል።

እንዶድ ዶክተር አክሊሉ እንደተመኙት በየወንዙ ሥራ ላይ አልዋለም። ከእርሳቸው ግኝት በኋላ ፕራዚኳንተል የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ወንዙን ግን አያጸዳም፤ ዳግመኛ መያዝንም አያስቀርም። ስለዚህ ንጹሕ የመጠጥና የመታጠቢያ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር ዛሬም አስፈላጊ መሆናቸው አልቀረም።

የመከላከልን ጥቅም ለመረዳት የግብፅን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሚታየው የፊኛ ካንሰር አብዛኛው ከቢልሃርዝያ ጋር የተያያዘው ጠፍጣፋ ሕዋስ ያለው ዓይነት ነበር። ቢልሃርዝያ በቁጥጥር ሥር እየዋለ በሄደ መጠን ይህ ዓይነት እየቀነሰ ሄደ። በአንጻሩ ግን ከትምባሆ ጋር የሚዛመደው ዓይነት እየበዛ መጣ። አንዱን በር የዘጋ ሕዝብ ሌላውን በር ክፍት ቢተው በሽታው መግቢያ አያጣም። ወጣቱ በተውሳክ በተበከለ ውኃ ውስጥ ከመዋኘት መታቀቡ፣ ወደ ወንዝም ከመሽናት መቆጠቡ፣ ከዚያም ትምባሆን አለመልመዱ፣ ሽንቱ በደም ቢቀላም ሳያፍርና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄዱ፣ ሁሉም ለአንድ ዓላማ የሚውሉ ተግባሮች ናቸው።

የዶክተር አክሊሉን ሕይወት ስንመረምር ጎልቶ የሚታየን ከቤተ ሙከራ ዕቃዎች ብዛት ይልቅ የማስተዋል ኃይል ነው። ያን ወንዝ ከእርሳቸው በፊት እልፍ ሰዎች ተሻግረውታል፤ እንዶዱንም እልፍ እናቶች አጥበውበታል። የእናቶቹ እውቀትና የሊቁ ትምህርት አንድ ቀን በአንድ ወንዝ ዳር ሲገናኙ ግን፣ ከአጥር ላይ የሚለቀም ፍሬ የብዙ ሕፃናትን ጤና የሚጠብቅ መድኃኒት ሆነ። እርሳቸው የተማሩትን ይዘው ወደ ሕዝቡ ባይወርዱ ኖሮ ይህ መገናኘት አይሆንም ነበር። በየቀዬአችን ገና ያልተጠየቁ ስንት ተክሎች፣ ገና ያልተመረመሩ ስንት ልማዶች እንዳሉ መፈለግ የሚቀጥለው ትውልድ ፈንታ ነው።